ዕጢ ላይ ዕጢ

አማርኛችን፣ ቢያንስ በእኔ ሥራ በኩል፣ አንድ ችግር አለበት። «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው። አብሮን የተፈጠረው፣ ሆርሞን እያመረተ የሚያኖረን ጤነኛ የሰውነት ክፍል ዕጢ ይባላል። ማንም ሳይጠራው መጥቶ የሚያብጠው ክፉ ነገርም ዕጢ ይባላል። «ዕጢ አለብህ» የተባለ ሰው ይደነግጣል እንጂ «አዎ፣ ታይሮይድ የሚባል አለኝ፣ አንተስ?» ብሎ አይመልስም። እንግዲህ የታይሮይድ ዕጢው ላይ ዕጢ ስለወጣበት ታካሚ በአማርኛ አስረጂ ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ? ታካሚው ደሞ ውሻ ቢሆንስ?

የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ የእንስሳት ሆስፒታል፣ የምስል ክፍል ነው። ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ስማር የኛ ነገር ከብት፣ በግና ዶሮ ነበር፤ ውሻ በብዛት የሚነሳው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ስንማር ነው። እዚህ አገር ያ ዲግሪ ብቻውን ሐኪም አያሰኝም፣ ስለዚህ ቴክኒሺያን ነኝ። ውሻውን አስተኛለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ ማሽኑን አስነሳለሁ። ምስሉን አንብቦ የሚፈርመው ራዲዮሎጂስቱ ነው። እናቴ ለጎረቤት «ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ትላለች። አልዋሸችም። ስለ ታካሚዎቹ የሚጠይቃት እስኪመጣ ድረስ ይሄው ይበቃል።

ስለ ውሻ ታይሮይድ አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ላይ ከምናውቀው የተገለበጠ ነው። ሰው አንገት ላይ የሚገኝ የታይሮይድ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም። ድመት ላይም እንደዚሁ፤ ሆርሞን አለቅጥ ያመርትና ድመቷን ያከሳታል እንጂ ካንሰር የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ውሻ ላይ ግን በእጅ ተዳስሶ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ካንሰር ነው። ይባስ ብሎ አብዛኛው ሆርሞን አያመርትም። ውሻው ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጭራውን ይቆላል። የደም ምርመራውም ብዙ ጊዜ ምንም አይናገርም። የሚታወቀው እንዴት ነው? አንገቱን የሚያክለት ሰው እጅ ላይ ሲመጣ። ወይ የአንገት ማሰሪያው አንድ ቀዳዳ ሲጠብ። ያ ሁሉ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ማሽን የሚነሳው አንድ ሰው ውሻውን ስለዳበሰ ነው።

ያን ቀን የዳበሱት አንዲት እናት ናቸው። ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ደውላ አማርኛ እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወጣሁ። ነጠላቸውን ከወፍራም ጃኬት በላይ አጣፍተው፣ በሁለት እጃቸው የውሻ ገመድ ጨብጠው ተቀምጠዋል። ገመዱ ጫፍ ላይ ቡናማና ነጭ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ ቢግል።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ያገሬ ልጅ ነሽ? እሰይ። እስቲ ይኼንን ልጅ እዪልኝ።»

ልጅ ያሉት ውሻውን ነው። ስሙ ቡቺ ነው። አሜሪካ ተወልዶ፣ አሜሪካ አድጎ፣ ቡቺ። ስሙን ያወጣለት የልጅ ልጃቸው ነው፤ ኮሌጅ ሲገባ ትቶላቸው ሄደ። መጀመሪያ ነጠላቸውን እንዳይነካ በመጥረጊያ ያባርሩት እንደነበር እየሳቁ ነገሩኝ። ቀን ቀን ልጃቸው ሥራ ናት፣ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና ቡቺ ብቻ ናቸው። ዕድሜው 10 ዓመት፣ ክብደቱ 13 ኪሎ። «ሳሻሸው እንቁላል የምታህል ነገር እጄ ላይ መጣች» አሉ። «ጩኸቱም ጎርንኗል። ብርድ መትቶት ነው ብዬ ነበር።»

ሐኪሙ ተንበርክኮ አንገቱን ያዘ። በግራ በኩል፣ ከማንቁርቱ ዝቅ ብሎ። ዝም ብሎ አልዳሰሰውም፤ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደዚህም ወደዚያም ገፋው። ይሄ መግፋት ትልቅ ነገር ነው። ከቆዳው ስር እንደ ልቡ የሚንሸራተት ዕጢ ከነሽፋኑ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ተቆርጦ የወጣለት ውሻ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይኖራል። እንደ ተቸነከረ የማይነቃነቀው ግን አንድ ነገር ይዟል ማለት ነው። የቡቺ ትንሽ ተነቃነቀ። ትንሽ ብቻ። «ትንሽ» ደሞ መልስ አይደለም።

እማማ አንገታቸውን በእጃቸው ነካ አደረጉና «እንቅርት ነው?» አሉኝ።

ያኔ ነው ንቅሳታቸውን ያየሁት። ሰማያዊ መስመሮች፣ አንገታቸውን እንደ ሐብል የከበቡ። ጎጃም፣ ደጋ ላይ ነው ያደጉት። «ለእንቅርት ብለው ነው የነቀሱኝ፣ ልጅ ሆኜ» አሉ። ለጌጥም ለመድኃኒትም። እንቅርት በዚያ አገር ጎረቤት ነበር፤ ተረቱ ራሱ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲል እንቅርቱን እንደ ማንም ቤት ዕቃ ቆጥሮ ነው የሚጀምረው። አዲስ መከራ የሚሆነው ጆሮ ደግፉ ነው።

አይ፣ እንቅርት አይደለም። ዕጢው ያለበት ቦታ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን ሌላ ነው። እንቅርት የሚበዛው አዮዲን በማጣት ነው፤ የታይሮይድ ዕጢው የጎደለውን ለማካካስ ሲታገል ሙሉ በሙሉ ያብጣል። ረሀብ ነው ማለት ይቻላል። ቡቺ ላይ የወጣው ግን የተራበ አይደለም፣ ያመፀ ነው። ይኼን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካንሰር በያ» አሉ፣ በቀጥታ። እኔ ቃሉን ስዞረው የቆየሁት ለካ ለራሴ ነው።

አልትራሳውንዱን የዚያኑ ቀን አደረግንለት። የአንገቱን ፀጉር ላጭተን፣ ጄል ቀብተን። በውሻ የታይሮይዱ ሁለት ክፍሎች ከአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ የተኙ ቀጫጭን ነገሮች ናቸው። የቀኙ እንደዚያው ነበር። የግራው ቦታ ላይ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ውስጡ ጉራማይሌ የሆነ ነገር ቁጭ ብሏል። የደም ፍሰት የሚያሳየውን ቀለም ስንከፍት ስክሪኑ በቀይና በሰማያዊ ተሞላ። የታይሮይድ ዕጢ ደም ይወዳል። በቀጭን መርፌ ናሙና ስትወስዱም ግማሹ ደም ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ላቦራቶሪው «አዎ፣ የታይሮይድ ሴል ነው» ሊል ይችላል፣ ክፉ ነው አይደለም የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ በእርግጠኝነት አይለይም። ቢያንስ የምራቅ እጢ ውሃ ቋጥሮ ወይ ንፍፊት ወይ መግል አለመሆኑን እናውቃለን። የቡቺም መልስ ይሄው ነበር፦ ታይሮይድ።

ከዚያ ሲቲ ስካን የሚለው መጣ፣ ከሱ ጋር ዋጋው። ከ2000 ዶላር በላይ ነው፣ ኦፕራሲዮኑን ሳይጨምር። ይሄን ቁጥር በአማርኛ ስትናገሩት ይከብዳል። በእንግሊዝኛ ዝም ብሎ የዋጋ ዝርዝር ነው፤ በአማርኛ ግን ወዲያው ወደ ብር ይመነዘራል፣ ከብር ወደ ጤፍ፣ ከጤፍ ወደ ዘመድ። እማማ ሲመነዝሩ ፊታቸው ላይ አየሁት። ለልጃቸው ደወሉ። ልጅቷ እረፍት ሰዓቷ ላይ ነበረች፣ ስልኩን ለኔ ሰጡኝ። ምን እንደሚያሳይ ጠየቀችኝና «ያ ሁሉ ብር ካንሰር መሆኑን ለማወቅ ነው?» አለች።

ጥያቄዋ ልክ ነው። ግን ሲቲ ስካኑ ለዚያ አይደለም። ካንሰር ነው ብለን ከሞላ ጎደል ገምተናል። ማሽኑ የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፦ ይሄ ነገር ይወጣል ወይስ አይወጣም? አንገት ጠባብ ሰፈር ነው። የአየር ቧንቧው፣ የምግብ ቧንቧው፣ ወደ ጭንቅላት የሚወጣው ደም ቅዳ፣ የሚመለሰው ደም መልስ፣ ድምፅን የሚያዘው ቀጭን ነርቭ፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ነው የሚኖሩት። ቀዶ ሐኪሙ ቢላውን ከማንሳቱ በፊት ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ማወቅ አለበት። አልትራሳውንድ ከላይ ያለውን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፣ ከኋላ ያለውንና ደረት ውስጥ የገባውን ግን አይደርስበትም፤ ሲቲና ኤምአርአይ ይሻላሉ። ሳንባውም በዚያው ይታያል። የውሻ ታይሮይድ ካንሰር ሲሰደድ በብዛት የሚሄደው ወደ አንገት ሊምፍ ኖዶችና ወደ ሳንባ ነው፤ ሲቲ ደሞ ራጅ የሚያልፋቸውን የጥቂት ሚሊ ሜትር ነጠብጣቦች ያወጣል።

ዝም አለች። ከዚያ «እማዬ ምን አለች?» አለችኝ። እማማ ገመዱን እያዩ «ውስጡን ሳያዩማ እንዴት ይቆርጡታል» አሉ። በክፍያ እንዲሆንላቸው ጠየቅንላቸው፣ ሆነ።

ማደንዘዣ ስለሚወስድ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብ እንዳይቀምስ ነገርኳቸው። «በሉኛ፣ እሱም ጾመኛ ሆነ» ብለው ሳቁ።

አሁን የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። ሲቲ ስካን ግራጫውን በቁጥር ነው የሚቆጥረው። ውሃ 0 ነው። አየር ከዜሮ በታች 1000። ስብ ከዜሮ በታች 100 ገደማ፣ ጡንቻ 50 እና 60 አካባቢ። መለኪያው በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በጎድፍሬ ሃውንስፊልድ ስም ይጠራል፤ በ1979 የኖቤል ሽልማቱን ጆሃንስበርግ ከተወለደው አለን ኮርማክ ጋር ተካፍሏል። ጤነኛ የውሻ ታይሮይድ ምንም መድኃኒት ሳይወጋ 100 አካባቢ ይቆማል። ማለትም ጡንቻው መሀል ብቻውን ያበራል። ለምን? አዮዲን ስላለው። ከዓመት ዓመት ከምግቡ እየለቀመ ያጠራቀመው አዮዲን ነው ጨረሩን የሚያግደው። ካንሰሩ ሲይዘው ግን ይኼን ማጠራቀም ይተዋል፣ ብርሃኑም ይጠፋል። የቡቺ የቀኙ ክፍል ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ትንሽዬ፣ የሩዝ ፍሬ የመሰለች። የግራው ጡንቻ መስሎ ደብዝዟል። ማንም ሳይነግራችሁ የታመመው የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከዚያ ኮንትራስት እንወጋለን፣ ደም ስሮቹ እንዲበሩ። ኮንትራስቱም አዮዲን ነው። በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ለ13 ኪሎ ውሻ 26 ሚሊ ሊትር። ውስጡ 7.8 ግራም አዮዲን አለ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ፦ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም ነው። ስለዚህ አንድ ቢግል ውስጥ በአንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የምንገፋው አዮዲን፣ አንድን ሰው 142 ዓመት የሚያኖር ነው። አብዛኛው በኩላሊቱ አልፎ በሽንት ይወጣል። (ታይሮይዱን ለጥቂት ሳምንታት ስለሚያጠግበው ግን፣ በራዲዮአክቲቭ መድኃኒት የሚነሳ ምስል ወይም ሕክምና የታሰበለት ውሻ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ማሰብ ያስፈልጋል።)

እማማ ልጅ የነበሩበት ዘመን፣ አንገታቸው በመርፌ ሲወጋ፣ የጎደለው ይሄ ነበር። ከአንድ ቁንጥር ጨው ጋር የሚመጣ፣ በዓይን የማይታይ። አገራችን የጨው ድሃ ሆና አታውቅም፤ አሞሌ እንደ ገንዘብ የተገበያየንበት አገር ነን። ጨው ውስጥ አዮዲን የመጨመሩ ነገር ነው ያስቸገረን። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ እስኪነሳ ድረስ አዮዲን ያለበት ጨው በአብዛኛው ከዚያው ነበር የሚመጣው፤ መንገዱ ሲዘጋ የአፋር ጨው ቦታውን ያዘ፣ አዮዲኑ ግን አልተከተለም። ደንቡ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ቡቺ ከቱቦው ውስጥ ምላሱን ጎልጉሎ ተኝቶ፣ መርፌው ሲሮጥ ነው። ምን እንደሚሰማኝ አላወቅሁም፣ ቁጣም አልነበረም። ሽሽቴን ሰብስቤ «ትንፋሹን ያዙ» የሚለውን ምልክት ጠበቅሁ።

ምስሎቹ መጡ። ጀማሪ ሰው ዕጢውን ነው የሚያየው፤ ትልቅ ስለሆነ ዓይን ይስባል። ዓመት ሁለት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ ግን የምትፈልጉት ዕጢውን ሳይሆን ዙሪያውን ነው። በዕጢውና በጎረቤቶቹ መካከል አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር አለች። ስብ ናት። ጮማ። መስመሯ ካለች፣ ዕጢው ጎረቤቱን አልደረሰበትም ወይ ከነሽፋኑ ነው ያለው። ከጠፋች ያሳስባል። ደም ቅዳው ጋ ስሄድ መስመሯ አለች፣ ፀጉር ብታህልም አለች። የምግብ ቧንቧው ጋ አለች። ደም መልሱ ጋ ስደርስ ግን በአራት ምስሎች ላይ አጣኋት። ወደ ላይ ወጣሁ፣ ወደ ታች ወረድኩ። በአምስተኛው ተመልሳ መጣች። ሳንባው ንጹህ ነበር።

የራዲዮሎጂስቱ ጽሑፍ ማታ ደረሰ። በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ ደም ቅዳውን ይነካል፣ ደም መልሱን ወርሮት ሊሆን ይችላል፣ ማስወገድ አይቻልም። «ማስወገድ አይቻልም» ማለት «ይሄ ዕድል የለም ማለት አልችልም» ማለት ነው፤ በአማርኛ ሲነገር ግን ዕጢውን ማስወገድ እንደማይቻል ይመስላል። በማግስቱ ለእማማ ስተረጉም ዞሬ ዞሬ፣ «አጠገቡ ነው፣ ግን ምናልባት ደሞ…» እያልኩ ስንተባተብ አቋረጡኝ።

«ይዞታል ወይስ ተጠግቶታል?»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚህ ያማረ አባባል አላገኘሁም። ስድስት ወር የሚያስተምሩን ነገር ነው። ቀዩን ደም ስር ተጠግቶታል፣ አልኳቸው። ሰማያዊውን ይዞት ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ ጥያቄያቸውን ስመልስለት ቀና ብሎ አያቸውና ሳቀ። ከዚያ ወሳኙን ነገር ነገረን፦ የአንድ ጎን ደም መልስ ታስሮ አብሮ ቢቆረጥ ውሻው ይችለዋል፣ በሌላው ጎን ይመለሳል። የያዘው እሱን ብቻ ከሆነ ይወጣል።

እማማ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሐኪሙ ሊናገር ሲል እጄን አነሳሁ፤ ይሄ ዝምታ በኛ ቋንቋ ንግግር ነው። «ዕድሜው ስንት ቀረው፣ ሳይነካ?» አሉ። ሐኪሙ ወራት ሊሆን ይችላል፣ ሊጨምርም ይችላል፣ እየገፋ ሲሄድ ግን መዋጥና መተንፈስ ይቸግረዋል አለ። «እንግዲያው ታንቆ አይሞትብኝም» አሉ። የወሰኑት በዚህች ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ተቆረጠ። ደም መልሱን ይዞት ነበር፣ አብሮ ወጣ። ደም ቅዳው በጣት ተገፍቶ ተላቀቀ። ፓቶሎጂው ካንሰር መሆኑን፣ ጥቃቅን ደም ስሮች ውስጥ መግባቱንም ጻፈ፤ ስለዚህ በየሦስት ወሩ ደረቱን እናያለን። ሰኔ አጋማሽ ላይ መጀመሪያውን አነሳን። ራጅ ነበር፣ ሦስት አቅጣጫ። እማማ ማየት ፈለጉ። ስክሪኑን አዞርኩላቸው፣ ጥቁር የሆነው ሁሉ አየር ነው፣ ጥሩ ነው አልኳቸው። አንዲት ነጭ ነጥብ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ልቤ ዘለለ። የጡት ጫፉ ጥላ ነበር፣ ወንድ ውሻም አለው።

ጩኸቱ አልተመለሰም፤ አሁንም እንደ ጎረነነ ነው። ሌባ ቢመጣ ማን ይሰማዋል ይላሉ እማማ። የሚቀጥለው ቀጠሮ መስከረም 1 ላይ ወደቀባቸው። «እንቁጣጣሽ ዕለት? አይሆንም፣ ቀይሪልኝ» አሉኝ። ወደ 3 አዞርኩላቸው።